ፓፓያ ውስጥ ሌላ ፓፓያ አገኘን፣ ዛፉን እንቁረጠው ወይስ እንተወው?

የቱላዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። ቅዳሜ ለት ያጋጠመን ነገር አለ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ ምክንያቱም አንድ ዛፍ ሊቆረጥ ነው።

አክስቴ ቱላ ነው የምትኖረው፣ ከሀዋሳ መሃል ከተማ ሩቅ አይደለም። ጓሮዋ ውስጥ ከእንሰቱና ከቡናው ጀርባ አስራ ምናምን እግር ፓፓያ አላት፣ ከተማ ያለ አንድ ጁስ ቤት ከሷ ነው የሚወስደው፣ ስለዚ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ሁለት ልጆቿ እየሄድን እናወርድላታለን። ፓፓያ ላይ መቼም አይወጣም ግንዱ እንደ ጎመን አገዳ ነው፣ አንዱ በረጅም ቀርከሃ ፍሬውን ገፋ እያረገ ያዞረዋል ሌላው ከስር ጆንያ ዘርግቶ ይቀበላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናወርድ ቆይተን አንዷ ከጆንያው ስታ መሬት ወደቀችና ተሰነጠቀች። ለጁስ ቤቱ አትሆንም በቃ እኛው እንብላት ብለን ቢላ አመጣሁ።

ስከፍላት ደነገጥኩ። ያ የለመድነው ጥቁር ዘር የለም ማለት ይቻላል፣ ጥግ ላይ አስር ፍሬ ቢሆን ነው። መሃል ላይ ግን ሌላ ትንሽ ፓፓያ ተኝቷል። አውራ ጣቴን ሁለት እጥፍ ቢያክል ነው፣ ቆዳው ልስልስ ያለ፣ አረንጓዴ አይደለም ፈዛዛ ብርቱካንማ ነገር ነው፣ ከላይ እስከ ታች አምስት ሸንተረር አለው ጫፉ ሾል ይላል፣ እና ከእናቱ እጀታ በኩል በቀጭን ነገር ተያይዟል። ልክ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ነው የሚመስለው። ነካ ሳረገው ይወዛወዛል። እሱንም ለሁለት ከፈልኩት፣ ውስጡ ባዶ ነው ዘር የሚባል የለውም።

አክስቴ መጥታ ስታየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዛ "ይሄ ደግ ነገር አይደለም፣ ዛፉ ታሟል፣ ለሌሎቹ ሳያስተላልፍ ይቆረጥ" አለች። እኔ ደሞ አሳዘነኝ፣ ዛፉ እኮ ከሁሉም ትልልቁን ፍሬ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ራሷ ናት ከሦስት ዓመት በፊት በዘር አፍልታ የተከለችው። ለምኛት እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ሰጥታኛለች። በሽታ ነው ወይ? ይበላል ወይ? ከዛ ዛፍ የወረደውን ሌላውን ፍሬ ለጁስ ቤቱ ብንሰጥ ሰው ላይ ችግር ያመጣል ወይ? እስካሁን ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

ሐይቅ ዳር

እህቴ አትደንግጪ። እኔ ፓፓያ ላይ አላየሁም ግን ትልቁ ፔፐር ውስጥ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ፣ ከፍተሽ ስታዪው ውስጡ ሌላ ሚጢጢ ፔፐር ተለጥፎ ይገኛል። ከትፌ ወጡ ውስጥ ነው የምጨምረው፣ ልጆቼም በልተዋል ምንም አልሆንም።

የአያቴ ልጅ

ይሄን ሳነብ አያቴ ነች ትዝ ያለችኝ ነፍሷን ይማርና። መንታ ሙዝ ካገኘች ለብቻዋ አትበላም፣ ለሁለት ሰው ከፍላ ትሰጣለች፣ ለምን ስንላት ሁለት ሆኖ የመጣ ለሁለት ነው ትል ነበር። አክስትሽ ደግ ነገር አይደለም ማለቷ አይገርመኝም፣ ያላዩትን ነገር ጓሮ ውስጥ ማየት ያስፈራል በተለይ መተዳደሪያሽ ከሆነ። ግን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ይየው።

አፈር ወዳድ

ሰላም እህት። እዚሁ ሀዋሳ ግብርና ኮሌጅ ነው የተማርኩት፣ አሁንም ከአትክልትና ፍራፍሬ አልወጣሁም። አትቁረጡት! ቀድሜ እሱን ልበል ከዛ ላስረዳሽ።

በሽታ አይደለም። በሽታ ቢሆን ቅጠሉ ላይ ታዪው ነበር፣ ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ወይ ፍሬው ቆዳ ላይ ክብ ክብ ቀለበት የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ያ የፓፓያ ቀለበት ቫይረስ የሚባለው ነው፣ እሱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ክሽክሽ በምትባል ትንሽ ተባይ ይተላለፋል። ያንቺ ግን አበባው ሲሰራ የተፈጠረ ነገር ነው፣ ከዛች ፍሬ አያልፍም ለጎረቤት ዛፍ አይተላለፍም።

እንዴት እንደሚሆን፣ አበባ ከውጭ ወደ ውስጥ በዙር በዙር ነው የሚሰራው። መጀመሪያ ያ አረንጓዴው ሽፋን፣ ቀጥሎ ነጩ የአበባው ቅጠል፣ ቀጥሎ ዱቄት ያለው ወንዴው ክፍል፣ መጨረሻ መሃል ላይ ወደፊት ፍሬ የሚሆነው ሴቴው ክፍል። ሴቴው ከተሰራ በኋላ ስራው እዛ ጋ ማቆም ነበረበት። አንዳንዴ ግን ሳያቆም ይቀጥልና ሴቴው ክፍል ውስጥ ሌላ ሴቴ ክፍል ይሰራል፣ ትልቁ ፍሬ ሲያድግ ትንሹም አብሮ ውስጡ ያድጋል። አምስት ሸንተረር ያልሽው በጣም ጥሩ አይተሻል፣ ፓፓያ ከአምስት ክፍል ተጋጥሞ የተሰራ ፍሬ ነው፣ ጤነኛውንም አግድም ብትቆርጪው መሃሉ ያለው ባዶ ቦታ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ትንሹም የእናቱን ቅርፅ ነው የያዘው። አረንጓዴ ያልሆነው ጨለማ ውስጥ ስላደገ ነው፣ አረንጓዴ ለመሆን ብርሃን ይፈልጋል። ዘር የሌለው ደሞ የአበባ ዱቄት ወደሱ ስለማይደርስ ነው።

ስለዚ ይበላል። እናትየዋ ካልሻገተች ካልሸተተች ትንሹም ያው የፓፓያ ሥጋ ነው። ለይተሽ ያስቀመጥሽውን ያለ ሃሳብ ለጁስ ቤቱ ስጪ፣ እንዳይበላሽ።

አሁን ግን እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ዘሩ አስር ፍሬ ብቻ ነው አልሽ። ያቺ ፍሬ ክብ ነበረች ወይስ ረዘም ያለች? እና ጓሮው ውስጥ ወንዴ ፓፓያ አለ?

ጁስ ቤት ያለኝ

እኔ ፒያሳ አካባቢ ጁስ ቤት አለኝ፣ በቀን ስንት ፓፓያ እንደምከፍት አስቡት፣ ይሄ ነገር በዓመት ሁለት ሦስቴ ያጋጥመኛል። አንዴ አንድ ፓፓያ ውስጥ ሁለት ትንንሽ አግኝቼ ለሠራተኞቹ ሳሳያቸው አንዷ ልጅ ፈርታ ከዛ ቀን ጀምሮ ፓፓያ አልከፍትም ብላ ነበር፣ አይፈረድባትም እውነት ነው እጅ ላይ ሲመጣ ያስደነግጣል። እኔ ግን ትንሹን ቀምሼዋለሁ፣ ጠንከር ይላል ጣዕሙም ይቀንሳል፣ ጥሬ ዱባ ነገር ነው፣ ስለዚ ስፕሪስ ውስጥ አልጨምረውም ጣዕም ስለሌለው ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ረዘም ያለውን ነው የምንፈልገው፣ ሥጋው ወፍራም ነው። ክቡ ሲያዩት ትልቅ ነው ሲከፈት ግን መሃሉ ሰፊ ክፍት ነው ሥጋው ስስ። አክስትሽ ይሄን ካወቀች ለዋጋም ይጠቅማታል።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ እና እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል፣ ይሄ ያ ላብራቶሪ የተሰራ ዘር ነው እንዴ? ጂኤምኦ የሚባለው? በፊት በኛ ልጅነት እንዲህ አይነት ነገር አናይም ነበር፣ አሁን ፍሬው ሁሉ ትልልቅ ሆኖ ዘር የለውም። ልጆች ስላሉኝ ነው የምጠይቀው።

አፈር ወዳድ

ጥያቄው ትክክለኛ ነው ወንድሜ፣ ልጅ ያለው ሰው መጠየቅ አለበት። ጂኤምኦ ፓፓያ አለ እውነት ነው፣ ሃዋይ ውስጥ ያ የቀለበት ቫይረስ እርሻውን ሲጨርሰው ቫይረሱን የሚቋቋም ተሰርቶ በፈረንጆች 1998 ለገበሬ ተሰጠ። ግን ፍሬ ውስጥ ፍሬ መገኘት ከዛ በፊትም የነበረ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ብርቱካን ላይም አለ፣ ከዛ ጋ አይገናኝም። ይቺ ደሞ አክስቷ ራሷ በዘር አፍልታ ነው የተከለችው።

የመልካሳ ጎረቤት

ስለ ብርቱካን ስለተነሳ፣ እኔ አዳማ ነኝ፣ ከመልካሳ ምርምር ማዕከል ብዙ አልርቅም። ልጅ ሆኜ ኑራ ኤራ በኩል ዘመድ ነበረን ክረምት ስንዘጋ እንሄዳለን፣ እና አጎቴ ብርቱካን ሲልጥልን ሁሌ እምብርት ያለውን ነው መርጦ የሚሰጠን። እምብርቱ ጋ ስትከፍቱት ሚጢጢ ሌላ ብርቱካን አለ የራሱ ትንንሽ ክፍል ያለው። ለኛ ያ የዕድል ነው፣ እሱን ለማግኘት እንጣላ ነበር።

ትልቅ ሆኜ ሳነብ ነው የገባኝ። ያ እምብርታሙ ብርቱካን ብራዚል ባሂያ የሚባል ቦታ አንድ ዛፍ ላይ በድንገት የመጣ ለውጥ ነው፣ ከዛ በፈረንጆች 1870 ችግኙ አሜሪካ ገባ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ተተከለ፣ አሁን ዋሽንግተን ኔቭል የሚባለው እሱ ነው። ዘር ስለሌለው ሁሉም ከዛ አንድ ዛፍ የመጣ ነው፣ ቅርንጫፉን እየቆረጡ ሌላ ላይ እየለጠፉ። አስቡት እንግዲህ ያኔ አንድ ሰው ይሄ ደግ አይደለም ብሎ ያንን ዛፍ ቆርጦት ቢሆን። እህቴ አክስትሽን ይሄን ንገሪያት።

የቱላዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያረጋጋችሁኝ። ማታ ደውዬ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ የብርቱካኑን ስነግራት ሳቀች።

አፈር ወዳድ ለጠየቅከኝ፣ ፍሬዋ ክብ ናት። የዛ ዛፍ ሁሉም ፍሬ ክብ ነው። ወንዴ ያልከው ደሞ፣ አክስቴ አምና ወንዴዎቹን ሁሉ አስቆርጣቸዋለች፣ አያፈሩም ቦታ ብቻ ይይዛሉ ብላ፣ አራት ይሆናሉ። አንድ ብቻ ቀርቷል አጥሩ ጥግ ላይ፣ እሱንም ልትቆርጠው ነበር፣ መጥረቢያ አንዴ አርፎበታል ግን የቆረጠው ልጅ ሌላ ስራ መጣበትና ተወው። እና አሁን የሚገርመው እሱ ፍሬ አፍርቷል! ወንዴ ያልነው! ረጅም እንደ ገመድ የሆነ ነገር ላይ ተንጠልጥለው አምስት ስድስት ቀጫጭን ፍሬዎች አሉት፣ ክንድ ያክላል ገመዱ። ጎረቤቷ አንዷ እትዬ ደሞ ሚስማር ስለተመታበት ነው ወደ ሴት የተለወጠው ይላሉ፣ እውነትም አንድ ሚስማር አለው ልብስ ማስጫ ገመድ ሊታሰርበት የተመታ። ይሄስ ምንድነው?

አንድ ነገር ደሞ ረስቼ፣ አክስቴ ዘንድሮ ፍሬ ገና እንቡጥ ሆኖ ይረግፍብኛል እያለች ስታማርር ነበር፣ አምና እንዲህ አልነበረም።

አፈር ወዳድ

በቃ ተገኘ! የጠረጠርኩት ይሄንን ነበር።

ፓፓያ ሦስት አይነት ነው። ሴቴ አለ፣ ክብ ፍሬ የሚሰጠው፣ አበባው ውስጥ የራሱ ዱቄት የለውም። ወንዴ አለ፣ ዱቄት ብቻ የሚሰጠው፣ አበባው በረጅም ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው ሁለቱንም የያዘው ነው፣ እሱ ነው ረዘም ያለ ፍሬ የሚሰጠው ጁስ ቤቱ የሚወደው፣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ወንዴ አያስፈልገውም። የአክስትሽ ዛፍ ክብ ፍሬ ነው የሚሰጠው ስለዚ ሴቴ ነው፣ ሴቴ ደሞ የግድ ከሌላ ዛፍ ዱቄት ማግኘት አለበት፣ በነፋስና ማታ ማታ በምትመጣ የእሳት ራት ነው የሚደርሰው። ወንዴዎቹ ሲቆረጡ ዱቄቱ አነሰ። ዱቄት ያላገኘ አበባ ይረግፋል፣ ትንሽ ያገኘ ደሞ ያዝ ያረግና ዘሩ አስር ሆኖ ይቀራል። አክስትሽን ያሳዘናት የዘንድሮው መርገፍ ምክንያቱ ይሄ ነው። ትንሹ ፓፓያ ለብቻው የራሱ ነገር ነው፣ ግን ባይገኝ ኖሮ ዘሩን ማንም አይቆጥርም ነበር።

አብዛኛውን ጊዜ ለአስር ሴቴ አንድ ወንዴ ይበቃል ይባላል። ስለዚ አጥሩ ጥግ ያለው አንዱ አሁን የጓሮው ሁሉ አባት ነው፣ መጥረቢያ ያረፈበት ቦታ ላይ ውሃ እንዳይቆም አጽዱት፣ ከተቻለ ደግፉት።

ወንዴው ስላፈራው፣ ሚስማሩ አይደለም። ይሄ ነገር እኛ ሀገር ብቻ ሳይሆን በብዙ ሀገር ይባላል፣ ሚስማር ምታበት፣ ጫፉን ቁረጠው ይለወጣል ይላሉ፣ ግን ወንዴነቱ ከዘሩ የመጣ ነው በሚስማር አይቀየርም። ወንዴ አበባ ውስጥ የተኛች ያላደገች ሴቴ ክፍል አለች፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አንዳንዶቹ ላይ ትነቃና ፍሬ ትሆናለች። ፓፓያ ደሞ ከአበባ እስከ መብሰል ወራት ነው የሚፈጀው፣ አሁን የካቲት ላይ የምታዩት ፍሬ አበባ የነበረው ክረምት ላይ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሀዋሳ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቂዋለሽ። ሙቀቱ ሲመጣ ተመልሶ አበባ ብቻ ይሆናል። ፍሬው ይበላል፣ ዘሩን ግን ለተከላ አትያዙ፣ ከወንዴ ፍሬ የሚወጣው ችግኝ አብዛኛው ወንዴ ነው የሚሆነው።

አዲስ መትከል ከፈለገች ከረጅሙ ፍሬ ዘር ትያዝ። ራሱን በራሱ ያዳቀለ ከሆነ ከሱ ወንዴ አይወጣም፣ ከሦስቱ ሁለቱ ያው ረጅም ፍሬ የሚሰጥ ነው ሦስተኛው ሴቴ። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር እንዳይበቅል ስለሚከለክለው በአመድ ወይ በአሸዋ አሽታ ታጥበው፣ ጥላ ላይ ታድርቀው። አበባ እስኪያወጣ ወንዴም ሴቴም አይለይም፣ ስለዚ አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት አራት ችግኝ ትትከልና ሲያብብ የሚፈለገውን ታስቀር።

ሐይቅ ዳር

ስታወርዱ ደሞ ወተቱን ተጠንቀቁ፣ ጥሬው ሲቆረጥ የሚንጠባጠበው። አንዴ አይኔ ገብቶ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ። ሥጋ የሚያለሰልስ ነገር ነው ውስጡ ያለው፣ ቆዳም ያቃጥላል። ከላይ ስለሆነ የሚወርደው ከስር ጆንያ የሚይዘው ሰው ቀና ብሎ አይይ።

ጁስ ቤት ያለኝ

ረጅሙን ዘር ካጣችሁ ንገሪኝ፣ እኔ ጋ በየቀኑ ይጣላል፣ ንጹሑን ለይቼ አስቀምጥልሻለሁ። ምንም ክፍያ የለውም።

የቱላዋ ልጅ

ቅዳሜ ሄጄ መጣሁ፣ ልንገራችሁ።

አክስቴ ዛፉን አልቆረጠችውም። ከሱ ላይ አራት የበሰለ አውርደን ፊቷ ከፈትናቸው፣ ሦስቱ ውስጥ ምንም የለም፣ አንዱ ውስጥ ግን ከእጀታው ስር ባቄላ የምታክል ነገር ተለጥፋ አገኘን፣ ያው ትንሿ ሸንተረር አላት። በዚህኛው አልደነገጠችም። በጣቷ ነካ አረገቻትና "አንቺም ልትወለጂ ነበር" አለቻት፣ እኔ እንባዬ መጣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዘሩን አብረን ቆጠርነው፣ አራቱም ውስጥ ከሃያ አያልፍም። ያኔ ነው ስለ ወንዴዎቹ ያመነችኝ፣ እስከዛ ድረስ ሁሉንም እሺ እያለችኝ አላመነችም ነበር፣ ዘሩን በጇ ስትቆጥር ግን ዝም ብላ "አራቱንም እኔ ነኝ ያስቆረጥኳቸው" አለች።

ጁስ ቤት ያለህ ወንድሜ፣ የላክልኝን ዘር አክስቴ በአመድ አሽታ አጥባ ወንፊት ላይ ዘርግታዋለች፣ ቤት ውስጥ አልጋዋ ስር ነው ያስቀመጠችው ዶሮ እንዳይለቅመው። አመሰግናለሁ ብላሃለች፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ፍሬ ያንተ ነው ብላለች።

አጥሩ ጥግ ያለውን ወንዴ በሁለት ቀርከሃ ደግፈነዋል። ቁስሉን አጽድተን ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ ግንዱ ላይ አስራበታለች፣ በሌለችበት መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው ምልክቱን አይቶ እንዲተወው።